ምዕራፍ 7፦ የማይቸኩለው ሲሚንቶ

ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ የሚወጣው መንገድ ወሰን የተባለው ሰፈር ሲደርስ ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። በግራ መሬቱ ወደ የካ ተራራ እየወጣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ጋር ይገጥማል፤ ባሕር ዛፉ ከታች ሆኖም ይታያል። በቀኝ ሜዳው ወደ ሲኤምሲና ወደ ሰሚት ይወርዳል። በመሃል ያለው ሰፈር በየዓመቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ትናንት የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር በነበረበት ዛሬ ጂ+5፣ ጂ+9፣ ጂ+12 ቆሟል፤ ገና ያልቆመውም ፌሮውን ወደ ሰማይ አቁሞ የሚቀጥለውን ሙሌት ይጠብቃል።

እነዚህ ሕንጻዎች የቆሙበት አርማታ ሲሠራ ወደ አየር የለቀቀው ካርቦን አለ። እንዴት ይቀነሳል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ከውጭ ስለሚመጣ ውድ ቴክኖሎጂ ነው። እኔ ግን ዋናው ቁሳቁስ በእጃችን ነው ባይ ነኝ። ከስምጥ ሸለቆ ይቆፈራል፣ ፋብሪካዎቻችን ይፈጩታል፣ ወሰን ካለው የሲሚንቶ መሸጫም ይገኛል። የጎደለን ለዚህ ሲሚንቶ የሚበቃውን ጊዜ በስሌታችንና በውላችን ውስጥ ማስገባት ነው።

ካርቦኑ ከየት እንደሚመጣ ለማየት ከከተማው ወጥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሙገርና ወደ ጀማ ሸለቆዎች መሄድ ያስፈልጋል። እዚያ ገደሉ ላይ ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው ነው፤ ያን ጊዜ አካባቢው ባሕር ነበር። ሙገር፣ ደርባና ዳንጎቴ ሲሚንቶ የተተከሉት ይህን ድንጋይ ተከትለው ነው። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የለሚ ፋብሪካም በቀን 150,000 ኩንታል ሲሚንቶ እንዲያመርት የታነጸው በዚያው የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ድንጋዩ ከባሕር ፍጥረታት ቅርፊትና ከባሕር ውሃ ያገኘውን ካርቦን እስከዛሬ አስሮ ይዞ ኖሯል። ተፈጭቶ፣ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ፣ ወደ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ምድጃ ሲያልፍ ያ ካርቦን ይለቀቃል። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 100 ኪሎ ቢቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከምድጃው የሚወጣው ጥቁር ግራጫ ፍንካች ክሊንከር ይባላል፤ ከትንሽ ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ሲሚንቶ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቶን ክሊንከር ለማግኘት 850 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ከድንጋዩ ከራሱ፣ ቀሪው ደግሞ ከሚነደው የድንጋይ ከሰል ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ በደንብ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ የሚመነጭ በመሆኑ የወፍጮዎቹ ካርቦን ትንሽ ነው። ማገዶውንም መለወጥ ይቻላል፤ በአፋር የግጦሽ መሬት ላይ የተዛመተውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ እየቆረጡ በከሰል ምትክ ማንደድ ሲጠና የቆየ ሐሳብ ነው። ከድንጋዩ የሚወጣው ግን በማገዶ ለውጥ አይቀርም። የሚቀንሰው በአርማታው ውስጥ የሚገባው ክሊንከር ሲያንስ ብቻ ነው።

በየአዳራሹ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቤት ያልተዳረሰላት አገር ስለ ሲሚንቶ ካርቦን መጨነቅ አለባት ወይ? የዓለም አማካይ የሲሚንቶ ፍጆታ በነፍስ ወከፍ በዓመት 500 ኪሎ ገደማ ሲሆን የእኛ ከ100 ኪሎ በታች ነው። መገንባት አለብን፤ ብዙ መገንባት አለብን፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ክሊንከርን መቆጠብ የመገንባት ተቃራኒ አይደለም። ከ100 ኩንታል ክሊንከር፣ ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ የሆነው ኦፒሲ የተባለው ሲሚንቶ 105 ኩንታል ያህል ይወጣል። ያው 100 ኩንታል፣ ክሊንከሩ በከፊል በሌላ ድንጋይ የሚተካበት ፒፒሲ ቢሆን፣ 145 ኩንታል ገደማ ይደርሳል። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሰው በየአከፋፋዩ ደጅ የተሰለፈበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሁሉ 40 ኩንታል ጭማሪ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለከሰል የሚወጣው ገንዘብም በዚያው ልክ ይተርፋል።

አሁን ወደ ፒፒሲ እንግባ። ስሙ በግንባታ ሰው አፍ ሁሉ አለ፤ ምን እንዳለበት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ኦፒሲ ከ95 በመቶ ያላነሰ ክሊንከር ያለበት ሲሚንቶ ነው። በፒፒሲ ውስጥ ደግሞ ከ21 እስከ 35 በመቶ የሚሆነው ክሊንከር ተቀንሶ በፖዞላና ይተካል። የእኛ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት ፖዞላና ከስምጥ ሸለቆ፣ ከሞጆና ከአዳማ አካባቢ የሚቆፈረው ፑሚስ ነው፤ ብሎኬት የሚሠራበት ያ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ። ደረቁን ፑሚስ ውሃ ላይ ቢያስቀምጡት ይንሳፈፋል። ከእሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ባንድ ጊዜ ስለበረደ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ አላገኘም፤ ውስጡ እንደ ብርጭቆ ሆኖ ቀርቷል። ምስጢሩም እዚህ ላይ ነው። ክሊንከር ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ጠንካራውን ማጣበቂያ ይፈጥራል፤ ከጎኑ ግን የበረደ ኖራ ይተርፋል። ይህ ኖራ ለጥንካሬው የሚጨምረው እምብዛም ነው፤ በውሃም ይሟሟል። ብርጭቆ የሆነው የፑሚስ ዱቄት ያንን ትርፍ ኖራ እየወሰደ ወደ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይለውጠዋል። ሥራው ሳምንታትና ወራት ይወስዳል፤ ሲያበቃ ግን አርማታው ይበልጥ ጥቅጥቅ ይላል፣ ውሃም እንደልብ አያሳልፍም።

የእንጦጦ ድንጋይም ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ዕድሜው ከ20 ሚሊዮን ዓመት ያልፋል። ከወሰን በላይ በየካ ተራራ ላይ ያለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የተፈለፈለውም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሁሉም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ፖዞላና አይሆንም። ቀስ ብሎ የበረደና ክሪስታል የሠራ ድንጋይ ለጠጠርና ለግንብ ይበጃል፤ ኖራን የሚያስረው ብርጭቆ የሆነው ነው። ሮማውያን ይህን ያወቁት በኔፕልስ አጠገብ ከምትገኘው ከፖዙኦሊ በሚመጣው አመድ ነው፤ የፖዞላና ስም የመጣውም ከዚያ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የጨረሱት የፓንቴዮን ጉልላት 43 ሜትር ስፋት ይዞ፣ አንድ ዘንግ ፌሮ ሳይገባበት፣ እስከዛሬ ቆሟል። በላይኛው ክፍሉ ለክብደት ማቅለያ የከተቱበት ጠጠርም ፑሚስ ነው።

ታዲያ ፒፒሲ ይህን ያህል ከሆነ በወሰን ኮለኖች ውስጥ ለምን አይገባም? ከፎርማኖች ጋር ይህን ያነሳ ሰው የሚሰማው መልስ አንድ ነው።

«ፒፒሲ ለልስንና ለግንብ ነው ጋሼ። ኮለን በኦፒሲ ነው።»

«ለምን?»

«ቶሎ አይይዝማ! ካሳፎርማውን ነገ ማንሳት አለብኝ፤ ከላይ ያለው ፎቅ ይጠብቃል።»

ይህ አባባል ባዶ አይደለም። በገበያችን የተለመደው ፒፒሲ 32.5 የሚባለው ደረጃ፣ ኦፒሲው ደግሞ 42.5 ነው፤ ቁጥሩ በ28 ቀን የሚጠበቅባቸውን ዝቅተኛ ጥንካሬ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልዩነታቸው ይሰፋል። ባለንብረቱ ከባንክ ብድር ወስዷል፤ ወለዱ በየቀኑ ይቆጠራል። ተቋራጩ አንድ የካሳፎርማ ስብስብ ነው ያለው፤ ካልተነሳ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ሁሉም ቶሎ የሚይዝ ሲሚንቶ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ግን የፎቁን ጭነት እናስብ። የአንድ ጂ+12 ሕንጻ የምድር ቤት ኮለን የተነደፈው 13 ወለል፣ ግድግዳው፣ ንጣፉ፣ የቤት ዕቃውና ነዋሪው ሁሉ ተጭኖበት እንዲችል ነው። ያ ጭነት የሚመጣው ኮለኑ በተሞላ በ28ኛው ቀን ነው? አይደለም። በ28ኛው ቀን ከላዩ ያለው አንድ ሁለት ወለል ነው። ሙሉ ክብደቱ እስኪያርፍበት፣ በአገራችን የግንባታ ፍጥነት፣ አንድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ያልፋል። መሠረቱም እንዲሁ ነው። የጎን ካሳፎርማ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጥንካሬ ደግሞ ትንሽ ነው፤ የኮለን ቅርጽ ሲነሳ አርማታው ራሱን ይዞ ከቆመና ጠርዙ ካልተሸረፈ ይበቃል። ረጅም ሕንጻ ከታች ወደ ላይ በዝግታ የሚጫን ነገር ነው፤ በዝግታ የሚጠነክር ሲሚንቶም የተገኘለት ይመስል ይስማማዋል።

ረጃጅም ሕንጻ በማቆም የታወቁት አገሮች ይህን ስሌት ሠርተውበታል። በዱባይ የቡርጅ ኸሊፋ የመሠረት ንጣፍ ውፍረቱ 3.7 ሜትር ነው፤ ከማጣበቂያው 40 በመቶ የሚሆነው ሲሚንቶ ሳይሆን ከከሰል ኃይል ማመንጫ የሚገኝ የበረራ አመድ ነው። ያን ያደረጉት ለካርቦን ብለው ብቻ አልነበረም። ወፍራም አርማታ ሲይዝ ውስጡ ይግላል፤ ውጩ ሲቀዘቅዝ ውስጡ እንደጋለ ከቆየ ይሰነጠቃል። ክሊንከር ሲያንስ ሙቀቱም ያንሳል። በሌሎች ማማዎችም የአርማታው ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀን ፈንታ በ56 ወይም በ90 ቀን እንዲሆን በውል መጻፍ የተለመደ ነው።

እኛ ጋ የበረራ አመድ የለም፤ ከሰል የሚያነድ ኃይል ማመንጫ ስለሌለን። በአውሮፓ ለዚሁ ተግባር የሚውለው የብረት ማቅለጫ ዝቃጭም በበቂ መጠን አይገኝም። ስለዚህ የውጭውን አሠራር እንዳለ መቅዳት አይሆንልንም፤ የእኛ መንገድ ፑሚስና ሸክላ ነው። በአንድ በኩል ይህ ዕድል ነው። የከሰል ማመንጫዎች ሲዘጉ የበረራ አመድ ይጠፋል፤ የስምጥ ሸለቆ ፑሚስ ግን ከማንም ፋብሪካ ጋር አልተቆራኘም።

አሁን ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ወደ ሳይት እንሂድ፤ ካርቦኑ በብዛት የሚባክነው እዚያ ነው። ሚክሰሩ ከማለዳ ጀምሮ ይዞራል። አሸዋና ጠጠር በእንጨት ሳጥን ይለካሉ፤ ሲሚንቶው በከረጢት ይገባል፤ ውሃው ግን በባልዲ ነው፤ በዓይን መጠን። ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ሲከር አርማታው መድረቅ ይጀምራል፤ ከላይ ሆኖ በአካፋ የሚዘረጋው ሠራተኛ ክንዱ ይዝላል። «ውሃ ጨምር!» ይላል። ባልዲው ይገለበጣል፤ አርማታው እንደ ሾርባ ይሮጣል፤ ሥራው ይቀላል። ያ ትርፍ ውሃ ኋላ ሲተን ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ጥንካሬው ይወርዳል። ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ አስቀድሞ መጠባበቂያ ያበዛል፤ በሜትር ኪዩብ ከሚያስፈልገው በላይ ሲሚንቶ ያዛል። አሸዋውም ከመተሐራ ይሁን ከመቂ ሲመጣ አፈር ይዞ ይመጣል። የአገራችን ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለበት አሸዋ ሳይታጠብ እንዳይገባ ይላል። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሸዋ በጥብጦ አስቀምጦ ደለሉ ከላይ ስንት ጣት እንደሚተኛ ማየት ማንም የሚችለው ሥራ ነው፤ በብዙ ሳይት ግን አይሠራም። አፈሩ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው ሲሚንቶ ያስጨምራል፣ ሲሚንቶው ካርቦን ነው። እኔ ከማንኛውም አዲስ ግኝት በፊት የማስቀድመው የታጠበ አሸዋን፣ የሚለካ ውሃንና ውሃ ሳይጨምር አርማታውን የሚያላላውን አድሚክስቸር ነው።

ሌላው ብክነት በወረቀት ላይ ነው። በብዙ የሥራ ዝርዝሮች ውስጥ «ሲ-25 አርማታ፣ በሜትር ኪዩብ ከ360 ኪሎ ያላነሰ ሲሚንቶ» የሚል መስመር ይገኛል። መስመሩ የመጣው ቁጥጥር ደካማ በሆነበት ጊዜ ሕንጻን ለመጠበቅ ነው፤ በጊዜው ትክክል ነበር። ዛሬ ግን የሬዲ ሚክስ ጣቢያ ጠጠሩን በሚዛን ለክቶ፣ አድሚክስቸር ጨምሮ፣ በ320 ኪሎ ያንኑ ጥንካሬ ሊያመጣ ይችላል፤ ውሉ ግን አይፈቅድለትም። በቁጥር እንየው። የእያንዳንዱ ወለል ስፋት 500 ካሬ ሜትር የሆነ ጂ+12 ሕንጻ እንውሰድ፤ መሠረቱን ጨምሮ በየካሬው 0.4 ሜትር ኪዩብ አርማታ ቢፈጅ 2,600 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። በ360 ኪሎ ኦፒሲ ቢሞላ 9,360 ኩንታል ሲሚንቶና 800 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁሉም በፒፒሲ ቢሞላ ካርቦኑ ወደ 560 ቶን ይወርዳል። ሲሚንቶው 320 ኪሎ ቢሆን ደግሞ 500 ቶን ላይ ይደርሳል። ከአንድ ሕንጻ 300 ቶን ቀነስን ማለት ነው፤ ምንም ነገር ከውጭ አላስመጣንም።

ሁሉም በፒፒሲ ማለቴ ግን ለስሌቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ዓይነት ማማ በታችኛው ኮለኖቹ ላይ እጅግ ጠንካራ አርማታ ይፈልጋል፤ በ32.5 ፒፒሲ ብቻ እዚያ አይደረስም። በወሰን ጂ+9 እና ጂ+12 ግን አብዛኛው አርማታ ሲ-25 እና ሲ-30 ነው፤ ይህ በፒፒሲ ይደረሳል። ሶሌታውም ቢሆን መደገፊያው ሁለት ሦስት ሳምንት ከሥሩ ስለሚቆይ ብዙ ጊዜ አለው። ኦፒሲው ፍጥነት የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ይዋል።

ፒፒሲ የሚጠይቀው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ውሃ ማጠጣት። ፖዞላናው የሚሠራው አርማታው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ነው። ወሰን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ደግሞ አጥንት ይገባል። ቀን ይደርቃል፣ ሌሊት ሥራው ይዘገያል። በኦፒሲ ሦስት ቀን አጠጥቶ የተወ ተቋራጭ ሊያመልጥ ይችላል፤ በፒፒሲ አያመልጥም። ኮለኑ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ሶሌታው ዙሪያውን በአሸዋ ተገድቦ ውሃ ተኝቶበት፣ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። ካልሆነ ገጹ ይለሰልሳል፤ ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቶሎ ወደ ውስጥ ዘልቆ ፌሮውን ለዝገት ያጋልጣል። ስለ ፒፒሲ የሚወራው ክፉ ስም ብዙው የመጣው ካልጠጣ አርማታ ይመስለኛል። በየካ የውሃ ፈረቃ በሚበዛበት ሰፈር ለማጠጫ የሚሆን ታንከር ከሲሚንቶው እኩል መታቀድ አለበት።

ከፑሚስ ቀጥሎ ያለው ተስፋ ሸክላ ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን ፖሊቴክኒክ ተመራማሪ ካረን ስክሪቨነር፣ ከኩባው ፈርናንዶ ማርቲሬናና ከህንድ ተቋማት ጋር ሆነው ያጠናቀቁት ኤልሲ3 የተባለ ሲሚንቶ አለ። 50 በመቶው ክሊንከር፣ 30 በመቶው የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶው ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ 5 በመቶው ጂፕሰም ነው። ካርቦኑን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ሸክላው የሚቃጠለው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣድ የሚተኩሱበት እሳት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሸክላ ሲቃጠል ውሃ እንጂ ካርቦን አይለቅም። ከፑሚስ የሚበልጥበትም ነገር አለ፤ ጥሩ ሸክላ ከተገኘለት በሰባተኛው ቀን የኦፒሲን ያህል ይጠነክራል፤ ያ ፎርማን የሚፈራው መዘግየት በብዙ ይቀላል። በአይቮሪኮስትና በጋና ሸክላ የሚያቃጥሉ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሥራ ጀምረዋል።

ሁሉም ሸክላ ግን አይሆንም፤ 40 በመቶ ያህል ካኦሊን ሊኖረው ይገባል። ከወሰን በታች በሲኤምሲና በሰሚት መሠረት እያነሳ ግድግዳ የሚሰነጥቀው ጥቁር መረሬ አፈር ለዚህ አይመችም። ካኦሊን በአማራ ክልል በደብረ ታቦር አካባቢ አለ፤ በጉጂ በኩል ያለው የቦምቦዋ ካኦሊን ደግሞ ለአልሙኒየም ሰልፌት ፋብሪካ ሲቆፈር የኖረ ነው። ከደብረ ታቦር እስከ ፋብሪካ ያለው የጭነት መንገድ ረጅም ነው፤ በየፋብሪካው አቅራቢያ ያለውን ቀይ አፈር መመርመር ቀድሞ መሠራት ያለበት ሥራ ነው። ለኖራ ድንጋይ ጥራት ሲባል ከላይ ተገፎ የሚጣለው አፈር ራሱ ለናሙና ይበቃል።

መሐንዲሱ ሲሚንቶ ሳይመርጥም ብዙ ሊቀንስ ይችላል። በብሎኬት መካከል ጠባብ ቢም እየዘረጉ ላዩን በስስ አርማታ የሚሸፍኑበት የሪብ ሶሌታ፣ በኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በአገር ምድር የተስፋፋው፣ ከድፍኑ ሶሌታ ያነሰ አርማታ ይበላል። ብሎኬቱ ፑሚስ ስለሆነ ክብደቱም ይቀላል፤ ክብደት ሲቀል ኮለኑም መሠረቱም ያንሳል። ዛሬ ዛሬ ለፍጥነት ተብሎ ግድግዳውም ሶሌታውም ባንዴ በአልሙኒየም ቅርጽ የሚሞላበት አሠራር እየበዛ ነው። ቤት ቶሎ ማድረሱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም ብሎኬት ይበቃው የነበረ ግድግዳ ሁሉ አርማታ ሲሆን ካርቦኑ እንደሚጨምር ተቆጥሮ መወሰን አለበት።

የሚቀረው የውል ጉዳይ ነው። ተቋራጩ በራሱ ፈቃድ ኦፒሲን በፒፒሲ ቢለውጥና በ28 ቀን የሚሰበረው የአርማታ ናሙና ኪዩብ ቢወድቅ ጣጣው በእሱ ላይ ነው፤ ስለዚህ አይለውጥም። ለውጡ ከንድፍ መጀመር አለበት። አማካሪው መሐንዲስ ለመሠረትና ለታችኛው ኮለን «ጥንካሬው በ56 ቀን ይለካል» ብሎ ይጻፍ፤ ዝቅተኛውን የሲሚንቶ መጠን ትቶ ጥንካሬውን፣ የውሃውን ምጣኔና የማጠጫውን ቀን ይዘዝ፤ ማጠጣቱንም ራሱን የቻለ የሚከፈልበት ሥራ አድርጎ ያስገባው። የ7 ቀኑና የ28 ቀኑ ኪዩብ እንደተለመደው ይሰበራል፤ አካሄዱ የሚታየው ከዚያ ነው፤ ለ56ኛው ቀን ደግሞ ከየሙሌቱ ሦስት ተጨማሪ ኪዩቦች ውሃ ውስጥ ይቆያሉ። በዚህ ለመጀመር ከመሠረት ንጣፍ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ውፍረቱ ዝቅተኛ ሙቀት ይፈልጋል፣ መሬት ውስጥ ስለሆነ እርጥበቱን አይለቅም፣ 56 ቀን ሲሞላም ከላዩ ገና ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ እየተሞላ ነው።